የቅዳሜ እንግዶችና የደብሩ ደን

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በከተሞች አቅራቢያ የሚገኙ አድባራትና ገዳማት አዲስ ዓይነት እንግዳ ማስተናገድ ጀምረዋል። ይህ እንግዳ ለንግሥ በዓል የመጣ አይደለም፤ ጠበል ሊጠመቅ ወይም ስእለቱን ሊያስገባ የመጣም አይደለም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአምስት ከስድስት ጓደኞቹ ጋር ሚኒባስ ተከራይቶ፣ ዳቦና ቆሎ ቋጥሮ፣ ጀበናውንና ከሰሉን ይዞ ይደርሳል። ተሳልሞ ሲያበቃ ከጥዶቹ ሥር ጋቢውን ያነጥፋል፤ ሳምንቱን ሙሉ ያጣውን ጸጥታም እዚያ ያገኘዋል።

ጨዋታቸውን ጠጋ ብሎ ላዳመጠ ካህን የወጣቶቹ ሐሳብ ባዕድ አይሆንበትም። የቤት ኪራዩን፣ የገበያውን ዋጋ፣ የመንገዱን ጭስ ካነሱ በኋላ «ትንሽ ቦታ ብትኖረን» ይባባላሉ። ጎመኑን ከጓሮ ቀጥፎ፣ ድንቹን ቆፍሮ መብላት፤ ሁለት ሦስት ቀፎ መስቀል፤ የጣራ ውኃ በበርሜል ማጠራቀም፤ የወጥ ቤት ትራፊን ወደ ብስባሽ ለውጦ ለአፈሩ መመለስ፤ በፌስታል ያልታጠረ ኑሮ መኖር። ዘመኑ ይህን ሕልም «ዘላቂ ኑሮ» ብሎታል። አያቶቻችን ስም ሳያወጡለት ኖረውበታል ማለት የተለመደ ነው፤ ሆኖም ተራሮቻችንን የመነጠረው መጥረቢያም ከውጭ የመጣ እንዳልሆነ እናውቃለንና ነገሩን አናጋንነውም።

ሰበካ ጉባኤያት እነዚህን እንግዶች የሚቀበሉት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ መንገድ ነው። አንዳንዱ በዘበኛ ያስወጣቸዋል። አንዳንዱ ዝም ይላቸውና ሰኞ ጠዋት ሃይላንዱንና የከሰል አመዱን ያስለቅማል። ሁለቱም መንገድ ለደኑ አይበጅም፤ ለወጣቶቹም አይበጅም። ሦስተኛ መንገድ መኖሩንና እንዴት እንደሚሠራ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንወዳለን።

ሕልሙ መሬት የለውም

የወጣቶቹ ሕልም የሚሰናከለው «ቦታ» በሚለው የመጀመሪያ ቃል ላይ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። የከተማ ቦታ የሚገኘው በሊዝ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ቆሎ ይዞ በሚኒባስ ለሚመጣ ደመወዝተኛ የሚቀመስ አይደለም። የገጠሩን ይዞታ የሚያገኘው በዋናነት በዚያው ኖሮ የሚያርሰው ገበሬ ነው። ስለዚህ የቅዳሜው ሕልም እሑድ ማታ ወደ ኪራይ ቤት ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ካቆመበት ይቀጥላል።

በሌላው ወገን ያለችውን አጥቢያ ደግሞ እንመልከት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን ሰፊ ርስት ካስቀረ በኋላ በአብዛኛው የተረፈው ሕንጻውንና መካነ መቃብሩን የከበበው ግቢ ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በብዙ ስፍራ ጥንታዊው ደን የሚገኘውም በዚያው ግቢ ውስጥ ብቻ ነው። ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ ለሚመለከት በታረሰ ምድር መካከል እንደተጣለ አረንጓዴ ክብ ይታያል። ዙሪያው እርሻ ነው፤ ከእርሻው ጀርባም ሌላ እርሻ ነው።

ደብሩ ዛፍና ግቢ አለው። አጥር የሚያቆም፣ ውኃ የሚያመላልስ፣ ችግኝ የሚቆጥር እጅ ግን ያንሰዋል፤ ያሉት ካህናት የራሳቸው እርሻና አገልግሎት አለባቸው። ወጣቶቹ እጅና ጉጉት አላቸው፤ መሬት የላቸውም። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጥላ ሥር ይውሉና ሳይነጋገሩ ይለያያሉ።

ደኑ ራሱ የሚፈልገው

ከእንግዶቹ ጋር ከመስማማት በፊት ደኑን ማወቅ ይቀድማል። ደኑን ሳያውቅ የሚገባበት በጎ ፈቃድ ከመጥረቢያ ያልተናነሰ ጉዳት ሊያደርስ ይችላልና።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ደኖች ከተጻፉት ጥናቶች መካከል በሰፊው የሚታወቀው የዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ነው። ብዙ አንባቢ የሚያውቃቸው በ«እመጓ» ደራሲነታቸው ቢሆንም ሙያቸው የደን ሥነ ምኅዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ለሰበካ ጉባኤ ግን ከዓይነቶቹ ብዛት ይልቅ ስለ ዘሩ የተገኘው ይበልጥ ያሳስባል። የአብዛኞቹ ዋና ዋና ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሕያው ሆኖ አይቆይም። እናቲቱ ዛፍ ስትወድቅ አፈሩ ለክፉ ቀን ያስቀመጠላት ነገር የለም ማለት ነው። የዚያ ዓይነት ዛፍ የመጨረሻው ግንድ ከግቢው ከወጣ፣ ዝናቡ ቢዘንብም አጥሩ ቢጠበቅም ዛፉ በራሱ አይመለስም።

በዚህ ላይ የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ወንዴውና ሴቴው በየራሱ ዛፍ ላይ የሚገኝ ነው። አንድ ደብር አሥር የኮሶ ዛፎች ኖረውት ሁሉም ወንዴ ከሆኑ አንድም ዘር አያገኝም። ለመድኃኒት የሚለቀመው የሴቴዋ አበባ መሆኑን አረጋውያን ያውቃሉ፤ አበባዋ በየዓመቱ ሙሉ በሙሉ ከተለቀመ ደግሞ ዘር አይደርስም። ሰበካ ጉባኤው በግቢው ውስጥ ከየዓይነቱ ስንት ዛፍ፣ ከጥዱና ከኮሶውም ስንት ሴቴ እንዳለው ቆጥሮ ቢመዘግብ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን ማንም ሊሠራለት የማይችል ሥራ ሠራ እንላለን።

የበቀለውን የሚያጠፋው ማን ነው? በመጀመሪያ ደረጃ ከብት ነው። በታጠረና ባልታጠረ ቦታ የተደረገው የንጽጽር ሙከራ ከብት በማይደርስበት ስፍራ ችግኝ በእጅጉ የተሻለ እንደሚበቅልና እንደሚተርፍ አሳይቷል። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አጥቢያዎች ምእመናን ከየእርሻቸው የለቀሙትን ድንጋይ እየካቡ ደኑን በካብ ማጠራቸው በዚሁ ምክንያት ነው፤ እርሻውም ከድንጋይ ነጻ ወጥቷል።

ከከብት ቀጥሎ የሚመጣው የሰው እግር ነው፤ ቅዳሜ የሚመጡት እንግዶቻችንም እዚህ ላይ ይገባሉ። በየሳምንቱ በአንድ ጥላ ሥር የሚቀመጥ ቡድን አፈሩን ያጠብቀዋል፤ የጠበቀ አፈር ውኃ አያስገባም፤ የወደቀውም ዘር ሥር መስደጃ ያጣል። ከዚህ የከፋው ግን «ግቢውን እናጽዳ» ብሎ የሚመጣው ነው። መጥረጊያና ማጭድ ይዞ የረገፈውን ቅጠል ይጠርጋል፤ ከዛፎቹ ሥር ያለውን ቁጥቋጦ ይመነጥራል፤ ማታ ላይም ግቢው እንደ አዳራሽ ወለል ያበራል። ዓውደ ምሕረቱ፣ መግቢያው፣ የታቦት መሄጃው ንጹሕ መሆን አለበት፤ ይህን የሚከራከር የለም። የደኑ ወለል ግን መጠረግ የለበትም። የረገፈው ቅጠል የአፈሩ ልብስና የዘሩ መኝታ ነው፤ ከቁጥቋጦው መካከል የተመነጠረችው ቀጭን በትርም የሃምሳ ዓመት ወይራ ልትሆን የምትችለው ናት። በዚህ ረገድ ከደኑ ውስጥ መለቀም ያለበት ላስቲክ ብቻ ነው ብለን እናምናለን።

እሳቱንም ሳንጠቅስ አናልፍም። ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ወቅት ከጥድ ሥር የተቀመጠ የከሰል ምድጃ አደጋ ነው። ቡናው ይፈላ፤ ነገር ግን በደጀ ሰላሙ በኩል፣ ቅጠል በሌለበት ባዶ መሬት ላይ ይሁን።

ከደኑ ጠርዝ ላይ

እንግዲህ እንግዶቹ በደኑ ውስጥ ሥራ ከሌላቸው የት ይሥሩ? ሐሳባችን ከደኑ ጠርዝ፣ ከአጥሩ አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ይሁን የሚል ነው። ብዙ አጥቢያዎች በዚያ በኩል ባሕር ዛፍ ተክለዋል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ለአጥቢያ ገቢ ማስገኘቱን፣ ለማገዶና ለግንባታ በመዋሉም አገር በቀሉን ዛፍ ከመጥረቢያ ማትረፉን መካድ አይገባም። ከምንጭ አጠገብና ከአሮጌው ደን ሥር ግን ቦታው አይደለም።

በጠርዙ ላይ ምን ይተከል ለሚለው ጥያቄ የቤተ ክርስቲያን ዓመታዊ ሥርዓት ራሱ መልስ ይሰጣል። ለሆሣዕና ዘንባባ፣ ለቀዳም ስዑር ቄጠማ ያስፈልጋል፤ ለዝክሩ ጠላ ጌሾ፣ ለመቋሚያው ጠንካራ እንጨት ያስፈልጋል። ዘንባባው ለጋ ቅጠሉ በየዓመቱ ከየወንዙ ዳር ሲቆረጥ የሚተካው ካልተተከለ ያልቃል፤ ከግንዱ ሥር የሚያቆጠቁጠውን ለይቶ ወደ ምንጭ ዳር ማዛወር ይቻላል። ቄጠማውም እርጥብ መሬት ይወዳልና ከዚያው አጠገብ ይኖራል። ለቁርባን ስለሚሆነው የወይን ፍሬ የሚጠይቁንም አሉ። ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ ሁለት የወይን ሐረግ መትከል መልካም ነው፤ የዓመቱን ዘቢብ ይተካል ብሎ መጠበቅ ግን አይገባም።

ወጣቶቹ አብዝተው የሚመኙት ንብ ነው፤ ደብሩም ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም ማር ብቻ አይደለም። በጥንቱ ልማድ ጧፍ የሚሠራው ከንብ ሰም ነው፤ ዛሬ ገበያውን ፓራፊን እየያዘው መጥቷል። እዚህ ላይ ሰበካ ጉባኤያት ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ባለ ፍሬም ዘመናዊ ቀፎ ማሩ ከተጣራ በኋላ እንጀራውን መልሶ ለንቦቹ ስለሚሰጥ የማር ምርቱ ይበዛል፤ ሰሙ ግን ያንሳል። እንጀራው ከነማሩ ተቆርጦ የሚወጣበት ባህላዊው ቀፎ ደግሞ ሰም ይሰጣል። ስለዚህ ዓላማው ገቢ ከሆነ ዘመናዊው፣ ጧፍ ከሆነ ባህላዊው ይመረጣል፤ ለሁለቱም የሚሆን ቦታ ያለው ደብር ሁለቱንም ይይዛል። ቀፎዎቹ ከሕዝብ መተላለፊያና ከመቃብሩ ራቅ ብለው፣ መግቢያቸውን ወደ ሜዳው አዙረው ይቀመጡ። የቀብር ቀን የተቆጣ ንብ ምን እንደሚያደርግ ያየ ሰው ይህን ማሳሰቢያ አያቃልለውም።

ትልቁ ሥራ ግን አነስተኛ የችግኝ ጣቢያ ነው። ዘሩ ከደብሩ ከራሱ ዛፎች ይለቀማል፤ ከዚያው አፈርና ከዚያው ብርድ ጋር የተስማማ ነውና። የጥቁር እንጨት ዘር ሲደርቅ ቶሎ ስለሚሞት በተለቀመ በጥቂት ቀናት ውስጥ መዘራት አለበት። የወይራው ፍሬ ድንጋያማ ልባስ ስላለው ውስጡን ሳይጎዱ በጥንቃቄ መሰንጠቁ ይረዳዋል። የኮሶው ዘር እጅግ ደቃቅ ነው፤ ከላይ ተበትኖ በስስ አፈር ብቻ ይሸፈናል። ይህን ሥራ ከሁሉ ይልቅ ሊይዙት የሚችሉት በግቢው የሚኖሩት የአብነት ተማሪዎች ናቸው፤ ወጣቶቹ ደግሞ የችግኝ ፕላስቲኩን፣ የውኃ ማጠጫውን፣ የዳሱን ወጪ ቢሸፍኑ ሁለቱ ይተጋገዛሉ።

የሕልሙ ክብደት በጀሪካን ሲለካ

ወጣቶች መትከል ይወዳሉ። ሦስት መቶ ችግኝ በአንድ ቀን ተክለው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ ስማቸውን በቆርቆሮ ጽፈው ይሄዳሉ። በየአጥቢያው ስንዘዋወር ችግኙ ደርቆ ቆርቆሮው ቆሞ የምናይበት ስፍራ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ከመትከል በፊት ስሌት ይቅደም።

ለአንድ ችግኝ በበጋ በሳምንት 5 ሊትር ውኃ ብንመድብ ለ100 ችግኝ 500 ሊትር ይሆናል፤ ይህም በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 25 ጀሪካን ነው። ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ግንቦት አጋማሽ ያሉትን 28 ሳምንታት ስናሰላ 700 ጀሪካን ይደርሳል። በልግ የሚዘንብበት አካባቢ ይቀልለታል፤ ምንጩ ከቁልቁለቱ ሥር የሆነበት ደብር ደግሞ ይከብደዋል። ለ30 ችግኝ ግን በሳምንት ስምንት ጀሪካን የማይሞላ ይበቃል። ይህ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ጊዜ ተመላልሰው የሚጨርሱት ነው። ሰበካ ጉባኤው ለእንግዶቹ «ስንት ትተክላላችሁ?» ሳይሆን «ስንት ታጠጣላችሁ?» ቢላቸው ይሻላል። ጉድጓዱም በግንቦት ተቆፍሮ አፈሩ አየር ቢያገኝ፣ ተከላው ደግሞ መሬቱ በደንብ ሲርስ በሐምሌ መጀመሪያ ቢሆን ችግኙ ክረምቱን ሙሉ ሥር ይሰዳል።

ሰንበት ነውና

ከካህናት በኩል የሚነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው። ለከተማ ሰው የሚመቸው ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ሁለቱም ቀናት ግን በቤተ ክርስቲያናችን የሰንበት ክብር ያላቸው ናቸው። የቀዳሚት ሰንበት ክብር በ14ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው ብዙ የተንገላቱለት፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የጸና ነው። በአንዳንድ አጥቢያ ከቅዳሴ በኋላ ለሕንጻው ድንጋይ መሸከም እንደ በረከት ይቆጠራል፤ በሌላው ደግሞ በሰንበት ዶማ ማንሣት ገበሬውን ያሰናክላል። ይህን የሚወስኑት የደብሩ አስተዳዳሪና ካህናት ናቸው፤ ከዚህ ሆነን የምንሰጠው መመሪያ የለም። የምናመለክተው መንገድ አለ።

ዶማ በማይነሣበት ቦታ ወጣቶቹ ደኑን እየዞሩ ችግኝ ይቁጠሩ። በደብተር ላይ የተተከለው ስንት እንደነበር፣ ዛሬ በሕይወት ያለው ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ከመሪጌታው ወይም ከአረጋውያኑ የዛፎቹን ስምና ጥቅም ይማሩ፤ ይህ ዕውቀት ከባለቤቶቹ ጋር ወደ መቃብር እየወረደ ነውና በቶሎ ይጻፍ። ለሚኒባስ ከሚያወጡት ላይ ቀንሰው ሰኞና ሐሙስ ውኃ ለሚያጠጣው የአብነት ተማሪ ድጎማ ያድርጉ።

ዕረፍታቸውንም ወደ ዘመቻ አንለውጥባቸው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ለምድሪቱም ሳይቀር የዕረፍት ዓመት ተደንግጎላታል፤ ሳምንቱን ሙሉ የደከመ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር በዛፍ ጥላ ሥር ቢያርፍ የሚነቀፍ ነገር አላደረገም። ሁለት ሰዓት ለሥራው፣ የቀረው ለቡናውና ለጨዋታው ቢሆን በሚቀጥለው ወር ይመለሳሉ። ቀኑን ሙሉ ያሠራናቸው እንደሆነ ግን ሁለተኛ አይመጡም።

በጽሑፍ የሚሰፍረው

ስምምነቱ በቃል ብቻ እንዳይቀር እንመክራለን። ከሁሉ በፊት ሰበካ ጉባኤው የደብሩን የይዞታ ማረጋገጫ አውጥቶ ወሰኑን ይመልከት፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ባዶ መሬት የደብሩ መሆኑ ሳይረጋገጥ የተተከለ ዛፍ ከጎረቤት ገበሬ ጋር ክርክር ያመጣል። ከዚያም በቃለ ጉባኤ ላይ የሚሠራበት ቦታ፣ የችግኙ ቁጥር፣ የውኃው ተረኛ፣ ቡና የሚፈላበትና መኪና የሚቆምበት ስፍራ ይስፈር። የመጸዳጃ ቤት ጉዳይም አይዘንጋ፤ እንግዳ እየተቀበሉ ይህን አለማሰብ ደኑን ራሱን መጸዳጃ ማድረግ ነው። የድምፅ ማጉያ እንደማይገባ፣ ባሕታውያንና ተማሪዎች ወዳሉበት በኩል እንደማይታለፍ ይገለጽ።

የተተከለው ሁሉ የቤተ ክርስቲያን መሆኑ፣ ተካዩ ወደፊት እንጨትም ሆነ መሬት እንደማይጠይቅ በግልጽ ይጻፍ። ማሩን በተመለከተ ግን ለጋስ መሆን ይሻላል። በጥቅምትና በኅዳር፣ አደይ አበባው ካለፈ በኋላ ቀፎው ሲቆረጥ ለሠሩት ድርሻቸው ይሰጥ፤ ከራሳቸው ቀፎ የተገኘ አንድ ኪሎ ማር ወደ ከተማ ይዞ መመለስ ለእነርሱ ከምስክር ወረቀት ይበልጣል።

የጓደኞች ቡድን እንደ ሰበካ ጉባኤ ጸንቶ የሚኖር አይደለም። አንዱ ያገባል፤ አንዷ ወደ ውጭ አገር ትሄዳለች፤ ሌላው ሥራ ይቀይራል። ስለዚህ በስምምነቱ ላይ ከቡድኑ ሁለት ተጠሪዎች፣ ከደብሩም አንድ ካህንና አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት በስም ይመዝገቡ። ቡድኑ የተበተነ እንደሆነ ጀሪካኖቹ፣ ቀፎዎቹና የችግኝ ቆጠራው ደብተር በዚያው ሳምንት ለሰንበት ትምህርት ቤቱ በፊርማ ይተላለፋሉ።